ግርድ የተባለ ስም

ሰኞ ማለዳ ይመኙሻል ጉርሜሳ የሳምንቱን መልእክት ተናግራ ጨረሰችና መልስ ጠበቀች።

መልሱ ዘግይቶ አያውቅም። አንድ ደንበኛ መልእክቷን በሰማ ቁጥር ከጆሮዋ ላይ የተንጠለጠለችው መልእክት አድራሽ ጉትቻ እንደ ውኃ ጠብታ ጠብ የሚል ድምፅ ታሰማለች፤ ሰኞ ጠዋት ጠብታው ካፊያ ይሆናል። በቢሾፍቱ ዙሪያ ከእሷ ማስፈልፈያ ጫጩት ገዝቶ የሚያውቅ ሁሉ ይህን መልእክት ይሰማል፤ የመኖ ዋጋ፣ የክትባት ቀን፣ አዲስ ጫጩት የሚወጣበት ሳምንት ይነገርበታል። የዛሬው ግን ሌላ ነበር። ቅዳሜ ዕለት የክትባቱን ማቀዝቀዣ ስትከፍት ለብ ያለ አየር ፊቷን መታት። መቼ እንደተበላሸ አላወቀችም። ባለፉት ሳምንታት የሸጠቻቸው ጫጩቶች በሙሉ የተከተቡት ከዚያ በወጣ መድኃኒት ነው፤ ሙቀት የነካው የዶሮ ፈንግል ክትባት ደግሞ ከተራ ውኃ አይሻልም። ክረምቱ ሊገባ ነው፤ ፈንግል የሚነሳው በዚህ ጊዜ ነው። ስለዚህ የመኖውንም የዋጋውንም ወሬ ትታ እንዲህ ብቻ አለች፦

«ከእኔ የወሰዳችኋቸውን ጫጩቶች እንዳልተከተቡ ቁጠሯቸው። ጥፋቱ የእኔ ነው። ይዛችኋቸው ኑ፤ እንደገና እከትባቸዋለሁ።»

ጉትቻዋ ጠብ አላለችም።

ምናልባት መስመሩ ተበላሽቶ ይሆናል ብላ ደገመችው። ከዚያም ቁርስ ልትገዛ ወጣች። መንገዱ እንደወትሮው ጸጥ ያለ ነበር። ሾፌር አልባዎቹ ባጃጆች ያልፋሉ፤ ሰዎች ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ከማይታዩ ሰዎች ጋር ያወጋሉ፤ ከዚህ ሁሉ ወደ ይመኙሻል ጆሮ የሚደርሰው እሷን የሚመለከተው ብቻ ነው። ዳቦ ቤቱ ደርሳ «አራት ዳቦ» አለች። ሻጯ ሰርክዓለም ለዓመታት የምታውቃት ሴት ናት። አፍ አፏን አየቻት፤ ለብቻው የሚያንጎራጉር ሰው እንዳየች ሁሉ ፈገግ አለችላት። ይመኙሻል ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ደገመች። የሰርክዓለም ፈገግታ አልተለወጠም። ከኋላ የቆመው ሰውዬ ሁለት ዳቦ ሲል ግን ወዲያው ጠቀለለችለት።

ያኔ ገባት። እንዲህ ያሉ ሰዎችን እሷም ታውቃቸዋለች። መንገድ ላይ ፊት ለፊት መጥተው አፋቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ ከአፋቸው ሩቅ እንደሚዘንብ ዝናብ ያለ ነገር ይሰማል እንጂ ቃል አይወጣም። ሰካራም ወይም ጸሎተኛ እየመሰሏት ታልፋቸው ነበር። አንዲት ሴት አንድ ቀን እጅጌዋን ይዛ እንደጎተተቻት፣ እሷም እጅጌዋን አስለቅቃ እንደሄደች ትዝ አላት።

ወንፊቱን ማን እንደሠራው የሚጠይቅ ሰው አሁን የለም። ድሮ ሰው በቀን ሺህ ጊዜ ይጠራ ነበር ይባላል፤ ብድር ውሰድ፣ መሬት ግዛ፣ ዕጣ ወጥቶልሃል እየተባለ። ከዚያ ወንፊቱ መጣ፤ ፍሬው ወደ ጆሮ ይገባል፣ ግርዱ ይቀራል። መጀመሪያ የሚነፋው መልእክት ብቻ ነበር። ቀጥሎ ጥሪ መንፋት ጀመረ፤ ቀጥሎ የመንገድ ጫጫታ፤ በመጨረሻም የሰው አፍ። ስሙ ግርድ የተባለ ሰው ቢናገር ይናገራል እንጂ አይሰማም።

ባሏ ሰገድ ማስፈልፈያው አጠገብ እንቁላል ሲያገላብጥ አገኘችው። «ዳቦው የታለ?» አላት። የመለሰችለት አልተሰማውም። ጆሮዋን በጣቷ ነካች። እሱም ግር እያለው ጉትቻውን አወለቀ፤ ወዲያው የማሽኑ ጉርምርምታ፣ የጫጩቱ ጩኸት፣ የጎረቤት ወፍጮ ድምፅ በአንድ ላይ ሲገባበት ፊቱን አኮማተረ።

«ግርድ ብለውኛል» አለችው።

ሰገድ «ለምን?» አላለም። ይመኙሻልም ይህን ልብ አለች።

«ሰገድ፣ ምን አድርገሃል?»

«ሐሙስ ዕለት አንድ ማስታወቂያ ልኬ ነበር» አለ የያዘውን እንቁላል ቀስ አድርጎ እያስቀመጠ። «አዳማ አድራሻ የሚሸጥ ሰው አለ። ሐዋሳ በል፣ ድሬዳዋ በል፣ አዲስ አበባ በል፤ ስድሳ ሺህ ሰው ሰጠኝ። ከሺህ አንዱ እንኳ ጫጩት ቢገዛን ብዬ ነው።»

«በማን ስም ላክኸው?»

«የንግድ ፈቃዱ በስምሽ ነው።»

ይመኙሻል አልጮኸችበትም። «ስድሳ ሺህ ሰው ጆሮ ውስጥ ሳልጠራ ገባሁ በለኛ» አለች ቀስ ብላ። «እኔም ብሆን ግርድ ናት ነበር የምለው።»

ከሰዓት በኋላ ወደ ወንፊት ጽሕፈት ቤት ሄደች። በከተማው ውስጥ ሁሉም ሰው ጆሮውን ባዶ አድርጎ የሚቀመጥበት ቦታ እሱ ብቻ ነው። አቶ ዳኛቸው የሚባለው ሠራተኛ ጉትቻውን ከኋላው ካለው ምስማር ላይ ሰቅሎ ወንበር አሳያት።

«ይቀመጡ። እዚህ ይሰማሉ።»

የማቀዝቀዣውንም የፈንግሉንም ነገር ነገረችው። ሳያቋርጥ አዳመጣት። ከዚያ ብዙ ጊዜ እንደተናገረው በሚያስታውቅ ድምፅ ሕጉን ነገራት። ዝም ካለች በስድስት ወር ውስጥ ስሟ በራሱ ጊዜ ከግርድ ይነጻል። ወይም ከቋሚ ደንበኞቿ ግማሾቹ ለየጉትቻቸው «እፈልጋታለሁ» ካሉ በዚያው ቀን ይነጻል።

«እንዲሉልኝ ልንገራቸዋ?»

«ይንገሯቸው።»

«አይሰሙኝም እኮ።»

«አዎ» አለ አቶ ዳኛቸው። «ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያለቅሰው እዚህ ላይ ነው።» ውኃ የሞላ ብርጭቆ ወደ እሷ ገፋ አደረገላት።

ይመኙሻል አላለቀሰችም። «በሽታ ነው የምልዎት። አስቸኳይ ነው» አለች።

«ግርድ የሚልኩ ሁሉ አስቸኳይ ነው ይላሉ፤ ወንፊቱ ቃሉን የጠላው ለዚህ ነው። የመንግሥት ማስጠንቀቂያ ደግሞ የሚወጣው በሽታው ታይቶ፣ የሞተ ዶሮ ተመርምሮ ነው። እስካሁን አልታየም።»

«በባሌ ስም ብንልከውስ?»

«ወንፊቱ ስም ብቻ አይደለም የሚያውቀው፤ አነጋገርም ያውቃል። ያንኑ ነገር ሌላ ሰው ቢልከው እሱም ግርድ ይባላል። ሁለታችሁም ዝም ትሉና ቤታችሁ የዲዳ ቤት ይሆናል።» ትንሽ አሰበና ጨመረ፤ «እኔ ብሆን ዝም ብዬ ስድስቱን ወር እጠብቃለሁ።»

«ፈንግል አይጠብቅማ» ብላ ተነሳች።

እራት ላይ ሰገድ ጉትቻውን ሳይጠየቅ አውልቆ ከሞሰቡ አጠገብ አስቀመጠ። ብዙ ሲያስብ እንደዋለ ፊቱ ይናገራል።

«መርዶ ወንፊት አያስቀረውም» አለ።

እውነት ነው። ሕጉ በወጣ ጊዜ ዕድሮች ተሰብስበው ያስገቡት አንቀጽ አለ፤ ግርድ የተባለ ሰው እንኳ ቢሆን ሞት የነገረ እንደሆነ ይሰማል።

«‹የሞት ዜና› ብለን እንጀምረዋለን» ሲል ቀጠለ። «ሰው ጆሮውን ይሰጣል። ከዚያ ስለ ክትባቱ እንነግረዋለን። በደቂቃ ሁሉም ጋ ይደርሳል።»

«ማን ሞተ እንበል?»

«ማንም።»

ይመኙሻል የጎረሰችውን ቀስ ብላ አላመጠች። ነገሩን አልናቀችውም፤ እውነቱን ለመናገር ልቧ ወደዚያው አዘንብሎ ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ ስንት ቤት ዶሮ ይተርፍ ነበር።

«መልእክቱ የደረሰው ሰው ልቡ ወርዶ፣ የሚደገፍበት ፈልጎ፣ ‹ማን ይሆን?› ሲል የዶሮ ወሬ ይሰማል» አለች በመጨረሻ። «የምሩን እናቱ የሞተች ቀንስ? መርዶውን ማስታወቂያ ነው ብሎ ይተወዋል። ለሰው የቀረው አንድ ያልተበከለ ነገር እሱ ነው፤ እኔ አልበክለውም።»

«ዶሮውስ?»

«እግር አለኝ» አለች።

ወረቀት ጽፎ መለጠፍ እንኳ አይሆንም ነበር። ጉትቻ ሁሉን እያነበበ ስለሚነግር ፊደል የሚለይ ጎልማሳ ከጠፋ ቆይቷል። ሰገድ አብሮ እንዳይወጣ ደግሞ በማሽኑ ውስጥ ያለው እንቁላል የሚፈለፈለው በዚያው ሳምንት ነው፤ አንድ ሰው አጠገቡ መሆን አለበት። ይመኙሻል ከእንስሳት መድኃኒት ቤት አዲስ ክትባት ገዛች፤ በበረዶ ሳጥን ይዛ፣ ቦት ጫማዋን ተጫምታ በማግሥቱ ወደ ኡዴ መንደር ወጣች።

ኦቦ ጉተማ ከደንበኞቿ ሁሉ ብዙ ዶሮ ያላቸው ሽማግሌ ናቸው። በራቸው ላይ ሲያገኟት ደስ ብሏቸው «እንዴት አደርሽ ልጄ፣ በእግርሽ?» አሉ። የመለሰችላቸው ነገር አልተሰማቸውም፤ ጨዋ ሰው ስለሆኑ ግን የሰሙ መስለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ይመኙሻል ጆሮዋን ነካ አድርጋ አሳየቻቸው። ሽማግሌው ክው አሉ። በሰው ፊት ጉትቻህን አውልቅ ማለት ልብስህን አውልቅ እንደማለት ነው፤ ያውም ለአባት።

ይመኙሻል አፈረች፤ ግን አልተመለሰችም። አጠገባቸው አልፋ ወደ ዶሮ ቤቱ ገባች። አንዱን ቄብ ይዛ አንገቱን ቀና አደረገች፤ ዐይኑ ላይ መድኃኒት እንደምታንጠባጥብ እጇን አሳየች፤ ከዚያ ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች። ደግማ አሳየች። ኦቦ ጉተማ ቄቡን አዩ፤ እሷን አዩ፤ መንገዱ ላይ ሰው አለመኖሩን አዩና ከዶሮ ቤቱ ጀርባ ዞረው፣ ዐይናቸውን ጨፍነው ጉትቻቸውን አወለቁ።

ዐይናቸውን ሲገልጡ እንደ ሕፃን ዙሪያቸውን ተመለከቱ።

«ይሄ ሁሉ... የእኔ ዶሮዎች ናቸው እንዲህ የሚሉት?»

«አዎ ኦቦ ጉተማ።»

«ሲጮኹ ሰምቻቸው አላውቅም እኮ። ጫጫታ ነው ብሎ ያስቀረዋላ።»

ነገሩን በሙሉ ነገረቻቸው። ፊታቸው ቀስ በቀስ ጠቆረ።

«ያልተከተበ ጫጩት ነዋ የሸጥሽልኝ?»

«አዎ።»

«እኔ ደግሞ አምኜሽ ከትልልቆቹ ጋር ቀላቀልኳቸው።»

ዐይኗን ወደ ቄቦቹ መለሰች። ይህን ጊዜ አንድ ድምፅ ሰማች። ከሌላው ጩኸት ሥር፣ ከጥጉ በኩል፣ አፍንጫው የተዘጋ ሰው እንደሚያንኮራፋ ያለ ቀጭን ሲርሲርታ ነው። ሽማግሌውም ሰሙት። ሁለቱም በእግር ጣታቸው እየረገጡ ወደዚያ ሄዱ። ጥጉ ላይ ካሉት ቄቦች ጥቂቶቹ አንገታቸውን ሰግገው፣ አፋቸውን ከፍተው በጭንቅ ይተነፍሱ ነበር። አንደኛው አንገቱ መጠምዘዝ ጀምሯል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆኑት?» አለች።

«እኔ ምን አውቄ» አሉ ኦቦ ጉተማ ድምፃቸው ተሰብሮ። «ሲበሉ አያለሁ። ሲተነፍሱ የት እሰማና።»

እስኪመሽ ድረስ አብረው ሠሩ። የታመሙትን ለዩ፤ ከእነሱ ጋር የዋሉትንም አገለሉ፤ በሌላኛው ዶሮ ቤት ያሉትን ጤነኞች አንድ በአንድ እየያዙ ከተቡ። ያ አንገቱ የዞረው ቄብ ሲሞት ሽማግሌው ጠቅልለው ለምርመራ ላኩት፤ ውጤቱ በሳምንቱ ይመጣል ተባለ። ሥራው ሲያልቅ ኦቦ ጉተማ እጃቸውን ታጠቡ፤ ጉትቻቸውን ለአንድ አፍታ ጆሯቸው ላይ ሰክተው «ይመኙሻልን እፈልጋታለሁ» አሉ። ከዚያ መልሰው አወለቁት።

«ስላልተናደድኩ አይደለም» አሏት። «ተናድጃለሁ። ግን ደግሞ ራስሽ ነሽ መጥተሽ የነገርሽኝ። ነይ፣ ወደ ጎረቤት እንሂድ።»

ባዶ ጆሯቸውን ደጅ ቆመው የሚጠሩትን ሽማግሌ አይቶ ዝም ብሎ የሚያልፍ ሰው በኡዴ አልተገኘም። ጎረቤቱ ደንግጦ ያወልቃል፤ ሚስቱም ታወልቃለች። ለሽማግሌው ክብር ሲሉ ባዶ ያደረጉት ጆሮ ለይመኙሻልም ይሆናል። እንዲህ እንዲህ እያለች ኡዴን ጨርሳ ወደ ቀጣዩ መንደር ወደ ድሬ ተሻገረች። እዚያ ኦቦ ጉተማ የሉም፤ ብቻዋን ነበረች። አንዳንዱ በሩን ዘጋባት። አንዱ ወጣት ዘበኛ ጠራባት። አንድ ግቢ ስትደርስ አዲስ ተጋቢዎች በመዋጮ የጀመሩት ዶሮ ቤት ውስጥ የቆመ ነገር አልነበረም፤ ባልየው ጉድጓድ ይቆፍራል፣ ሚስቲቱ የሞቱትን በጆንያ ታወጣለች። ያ ግቢ የእሷን ቃል መስማት አላስፈለገውም። አካፋ ተቀበለችና አብራ ቆፈረች።

ሐሙስ ዕለት ወደ ባቦጋያ ሐይቅ ዳር ወረደች። እዚያ እትዬ እልፍነሽ የሚባሉ ሴት አሉ፤ ይመኙሻል በመልክ አታውቃቸውም፤ ከደንበኞቿ አንዷ እንደሆኑ ብቻ ነው የምታውቀው። በሩን ከፍተው አዩዋት። ጆሮዋን ገና ሳትነካ ጉትቻቸውን አወለቁና በመዳፋቸው ያዙት።

«ማን ነሽ?»

«ይመኙሻል እባላለሁ፤ የጫጩት...»

«አወቅሁሽ። ድምፅሽን አውቀዋለሁ።» አላስገቧትም፣ አላሰናበቷትም። «ለጎረቤት ልጅ ልደት ብዬ አራት ጫጩት ገዝቼ ነበር፤ ስንት ዓመቱ ነው። ጫጩቶቹ የሉም። ልጅቷ አግብታለች። አንቺ ግን በየሰኞው አለሽ።»

ይመኙሻል የበረዶ ሳጥኗን መሬት አስቀመጠች።

«ባለቤቴ ያረፈው ሰኞ ጠዋት ነው» አሉ እትዬ እልፍነሽ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ያ ነው ይበልጥ የከበዳት። «እጁን ይዤው ነበር። አንድ ነገር ሊነግረኝ ፈለገ፤ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ። አቅም ስላልነበረው ድምፁ እንደ ትንፋሽ ነው። ያን ጊዜ አንቺ በጆሮዬ ገባሽ፤ ፉርሽካ ረከሰ እያልሽ። ጉትቻዬን አውልቄ ወርውሬ ወደ እሱ ስመለስ ጨርሷል። ምን እንዳለኝ አላውቅም።»

«አይምጣብኝ ቢሉ እኮ...» ብላ ጀመረችና አቋረጠችው።

«ብያለሁ፤ ስንት ጊዜ! መውጫው የሚነገረው ከመልእክትሽ ማለቂያ ላይ ነው። እሱን ለማግኘት ሁሉንም መስማት አለብኝ። ወሬሽ ደግሞ ረጅም ነው።»

ይመኙሻል በሩ አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ሳምንቱን ሙሉ ተበድያለሁ ስትል ነበር የሰነበተችው፤ ሰገድ በደለኝ፣ ወንፊቱ በደለኝ። ያንን መልእክት ግን ሰገድ አልላከውም። እሷ ናት የላከችው፤ በገዛ ስሟ፣ ስሟ ፍሬ በነበረበት ጊዜ።

«ስምዎን ከደንበኞቼ ዝርዝር አሁኑኑ አወጣዋለሁ» አለች ተነስታ። «ይቅር ይበሉኝ አልልዎትም፤ አፌም አይደፍረውም። ግን ሁለተኛ አልመጣብዎትም።»

እትዬ እልፍነሽ ቆይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። በሩን ሲዘጉት አላጋጩትም፤ ቀስ አድርገው ነው የገጠሙት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ይመኙሻል በየደጁ የምትለው ተለወጠ። ክትባቱን ከጨረሰች በኋላ «መልእክቴን ትፈልጉታላችሁ ወይስ ላውጣችሁ?» ብላ ትጠይቃለች። አንዳንዱ «ኧረ ሰኞ ያላንቺ ምኑን ሰኞ ሆነ» ይላል። አንዳንዱ አፍሮ ያቅማማል፤ እሷ ግን «አይፈሩኝ፣ እውነቱን ይንገሩኝ» ብላ ትጠብቃለች። ብዙዎች «አውጪኝ» አሏት። ወደ ከብት ርባታ የዞረ አለ፤ ዶሮውን ትቶ አሳ የያዘ አለ፤ አንዲት ሴት ደግሞ ከእሷ ፈጽሞ ገዝታ አታውቅም፤ ደንበኛ የነበረው የጉትቻዋ የቀድሞ ባለቤት ነው።

ማታ ሰገድ ይህን ሲሰማ ግንባሩን ያዘ። «ግማሹ እፈልጋታለሁ እንዲል እየለመንሽ ያሉትን ደግሞ ታወጫለሽ?»

«ያልፈለገኝን ባወጣሁ ቁጥር ግማሹም እኮ ያንሳል።»

ሰገድ ነገሩን በልቡ ካሰላው በኋላ ሳይወድ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቋረጠና «ያንን አድራሻ ስገዛ ልነግርሽ ይገባ ነበር» አለ። ይህን ሲል ለመጀመሪያ ጊዜ መሆኑ ነው።

«ይገባ ነበር» አለች። «አሁን ነገርከኝ። ነገ በረዶ ቶሎ እንዲደርስልኝ አድርግ።»

ዝናቡ ጀምሮ ነበር። በድሬ መንገድ ጭቃው ቦቷን ይዞ አላስለቅቅ ሲላት፣ ጎንበስ ብላ ስትታገል ነው ጉትቻዋ ጠብ ያለችው። የዝናብ ጠብታ መስሏት ልታልፋት ነበር። ቀጥሎ የአቶ ዳኛቸው ድምፅ መጣ።

«ወይዘሮ ይመኙሻል፣ ስምዎ ተነፍቷል። ፍሬ ነው።» ከዚያም ከሥራው ውጪ የሚመስል ነገር ጨመረ፤ «ስድስት ወር ሳይጠብቅ የወጣ ሰው በእኔ ጊዜ አላየሁም።»

እዚያው ጭቃው ውስጥ ቆማ መልእክቷን ተናገረች። አሁን የሚሰሟት ድሮ ከሚሰሟት ሲሶ አይሞሉም።

«ይመኙሻል ነኝ፤ የጫጩቷ። መስማት የማትፈልጉ አሁኑኑ ‹ይብቃኝ› በሉ፤ አልቀየምም። ፈንግል ኡዴና ድሬ ገብቷል። ጫጩቶቻችሁን እንደገና አስከትቡ። በየቀኑ ጠዋት ደግሞ ዶሮ ቤት ስትገቡ ጉትቻችሁን አውልቃችሁ ሲተነፍሱ ስሟቸው። አበቃሁ።»

ጉትቻዋ ጠብ ጠብ አለች። ጠብታው ከበፊቱ የሳሳ ነበር፤ ግን አንድም የቀረ የለም። በማግሥቱ ደንበኞቿ ከየአቅጣጫው ቄብ በቅርጫት ይዘው ደጇን ሞሉት። ሰገድ ያይዛል፣ እሷ ታንጠባጥባለች። ከኦቦ ጉተማ ሁለት ዶሮ ቤቶች አንደኛው ባዶ ሆነ፤ ሁለተኛው ተረፈ። በድሬ የሦስት ግቢ ዶሮ አለቀ። የምርመራው ውጤት መጥቶ የመንግሥት ማስጠንቀቂያ የወጣው ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው፤ እሱንም ቢሆን እንደ ሌላው ማስታወቂያ ሁሉ ብዙ ሰው ሳይሰማ አሳለፈው።

አንድ ነገር ግን ቀርቷል። ኦቦ ጉተማ ከገዟቸው ጫጩቶች ከፊሉን በጎዲኖ ገበያ ሸጠዋቸዋል። የገዛቸው ማን እንደሆነ አያውቁም። የጎዲኖ ሰዎች የይመኙሻል ደንበኞች አይደሉም፤ ስሟንም ሰምተው አያውቁም።

«ያ የአዳማው አድራሻ ሻጭ ጎዲኖን ቤት በቤት አለኝ ይላል» አለ ሰገድ፤ ከዚያ ወዲያው እጁን አነሳ። «ወሬውን መንገሬ ነው። እንግዛው አላልኩም።»

«ጫጩቶቹስ ደረሱ?»

«ሁሉም ወጥተዋል። ደርቀዋል፤ ውኃም ጠጥተዋል።»

«እንግዲያው ቦትህን አድርግ።»

ማስፈልፈያውን ዘግተው አብረው ወጡ። ጎዲኖ ሲደርሱ ዝናቡ አባርቷል። ሰገድ ከመንደሩ መግቢያ ላይ ቆመና ጉትቻውን አውልቆ ኪሱ ከተተ፤ እንደዚያ ሰኞ ፊቱን አላኮማተረም። ከመጀመሪያው አጥር ጀርባ ዶሮዎች ይጮኻሉ። ሁለቱም ትንፋሻቸውን ውጠው አዳመጡ። ጤነኛ ጩኸት ነው፤ በሽታው ገና አልደረሰም።

ይመኙሻል የቆርቆሮውን በር አንኳኳች። ከውስጥ የሴት ድምፅ «ማነው?» አለ።

«አያውቁኝም» አለች። «ይመኙሻል እባላለሁ፤ ከቢሾፍቱ ነው የመጣሁት። ስለ ዶሮዎችዎ የምነግርዎት ነገር አለ፤ አጭር ነው። ልግባ ወይስ ልመለስ?»

ከውስጥ ምንም አልተሰማም። ሰገድ ደግሞ ሊያንኳኳ እጁን ሲያነሳ ክንዱን ያዘችው። ውኃ ከቆርቆሮው ጠርዝ ላይ ይንጠባጠባል። ቆይቶ የእግር ኮቴ ወደ በሩ መጣ፤ መቀርቀሪያው ተነሳ።